ዥንጉርጉሩ የማርስ ድንጋይ

ድንጋዩ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። መልኩ ቀላ ያለ ሲሆን ነጫጭ የማዕድን ጅማቶች ያቋርጡታል። በጅማቶቹ መካከል ሚሊሜትር የሚያህሉ፣ መሃላቸው ገርጣ፣ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የነብር ቆዳ ያየ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል፤ ሳይንቲስቶቹም «የነብር ነጠብጣብ» ብለዋቸዋል።

ድንጋዩን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ያገኘችው ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ናት። አንድ ቶን ያህል የምትመዝነው ይህች ሮቦት ማርስ ላይ ያረፈችው በየካቲት 2021፣ ጀዜሮ በሚባል 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ዛሬ ደረቅ ምድረ በዳ የሆነው ጀዜሮ ከሦስት ቢሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር። ድንጋዩም የተገኘው ውሃ ወደ ሐይቁ ይገባበት በነበረው የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ሮቦቷ በክንዷ ጫፍ በያዘቻቸው መሣሪያዎች ድንጋዩን በኤክስሬይና በሌዘር መረመረችው። ድንጋዩ በተሠራበት ደረቅ ጭቃ ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ በነጠብጣቦቹ ላይ ደግሞ ሁለት የብረት ማዕድናት የሚመስሉ ነገሮች ተገኙ፤ አንዱ ከፎስፌት፣ ሌላው ከሰልፈር ጋር የተዋሐደ። ነገሩን ትልቅ ያደረገው ይህ ጥምረት ነው። እዚህ ምድር ላይ ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት በኦክስጅን ፈንታ ብረትና ሰልፈር እየተጠቀሙ ይኖራሉ፤ እንዲህ ያሉ ማዕድናትንም ትተው ያልፋሉ። ያለ ሕይወትም ማዕድናቱ ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ለምሳሌ በከፍተኛ ሙቀት። ድንጋዩ በእንዲህ ያለ ሙቀት ማለፉን የሚያሳይ ምልክት ግን አልታየበትም። ጥናቱ በመስከረም 2025 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ ሳይንቲስቶቹ «ሕይወት አገኘን» አላሉም፤ «የሕይወት አሻራ ሊሆን የሚችል» ብለው አቆሙ።

ጥንቃቄያቸው ተገቢ ነው፤ ለዚህም የእኛው ዳሎል ምስክር ነው። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ተመራማሪዎች እጅግ አሲዳማና ጨዋማ ከሆኑት የዳሎል ፍል ኩሬዎች ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሕዋስ የሚመስሉ ድቡልቡል ቅንጣቶች አጋጠሟቸው። ጠለቅ ብለው ሲመረምሯቸው ግን ሲሊካ የበዛባቸው ግዑዝ ማዕድናት ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከዚያው አካባቢ የደቂቅ ሕይወት ምልክት አየሁ ብሎ ጻፈ። መኪና የሚገባበት፣ ናሙናው በእጅ ተቀድቶ ላቦራቶሪ የሚደርስበት ዳሎል እንዲህ ካከራከረ፣ ማርስ ላይ ያለች አንዲት ሮቦት ብቻዋን ፍርድ እንድትሰጥ መጠበቅ አይቻልም። የምትሸከማቸው መሣሪያዎች ውስን ናቸው፤ ቁርጡን ለማወቅ የሚያስፈልጉት ማሽኖች አንዳንዶቹ ክፍል ሙሉ ቦታ ይይዛሉ።

ለዚህም ነው ሮቦቷ ድንጋዩን ሰርስራ የጠመኔ ቁራጭ የሚያህል ናሙና በቲታኒየም ቱቦ ያሸገችው። ቱቦውን ወደ ምድር ለማምጣት ናሳና የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት አብረው ያቀዱት ዕቅድ ነበር። ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር፣ ጊዜውም እስከ 2040 ሊደርስ እንደሚችል በ2024 ሲገለጽ፣ የናሳ ኃላፊዎች ራሳቸው ይህማ አይሆንም አሉ። ርካሽ መንገድ መፈለጉ ትክክል ነው፤ ቱቦውን እዚያው መተው ግን ስሕተት ነው። የሰው ልጅ ከምድር ውጭ ሕይወት ነበረ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ከኖረው ጥያቄ ጋር ይህን ያህል የተቀራረበ ናሙና እስከ ዛሬ በእጁ አልገባም። መምጣት አለበት።