በአምደወርቅ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው መቼ ነው?

የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ አምደወርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እዚያ አናት ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ ጥላ ያጣል። ቀኖቹን በወረቀት ማግኘት ይቻላል። የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው የማዕዘኖች ድምርና ልዩነት ቀመር ነው።

የከተማዋን ኬክሮስ «ሀ»፣ ፀሐይ በዕለቱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀችበትን ማዕዘን «ፀ» እንበል። የእኩለ ቀኗ ከፍታ እንዲህ ይሰላል፦

ሳይን ከፍታ = ኮሳይን ሀ × ኮሳይን ፀ + ሳይን ሀ × ሳይን ፀ

እንዲህ እንደተዘረዘረ «ፀ»ን ነጥሎ ማውጣት ያደክማል። ቀኝ ጎኑ ግን ኮሳይን (ሀ − ፀ) ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከፍታዋ 90 ዲግሪ፣ ሳይኑም 1 ስለሆነ፣ ኮሳይን (ሀ − ፀ) = 1 ይሆናል። ስለዚህ ሀ = ፀ።

ብዙ ተማሪ ኮሳይን (ሀ − ፀ)ን «ኮሳይን ሀ − ኮሳይን ፀ» ብሎ ይበትነዋል። ይህ እውነት ቢሆን ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል በሆኑበት ቀን ውጤቱ ዜሮ ይወጣ ነበር፤ ፀሐይ በእኩለ ቀን አድማስ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው! ሕጉን መቶ ጊዜ ከማስቀዳት ይህን አንድ ምሳሌ ማሳየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ ይቀረናል። ፀሐይ ከመጋቢት 11 ገደማ ጀምሮ በዓመታዊ መንገዷ የሄደችው ማዕዘን «መ» ከሆነ፣ ሳይን ፀ = 0.398 × ሳይን መ ነው። «ፀ» 12.5 ሲሆን ሳይን መ 0.544 ይጠጋል፤ ካልኩሌተሩም 33 ዲግሪ ብሎ ያቆማል። መልሱ ግን ግማሽ ነው። ሳይን (180 − መ)ን በልዩነት ቀመር ብንዘረዝር፦

ሳይን 180 × ኮሳይን መ − ኮሳይን 180 × ሳይን መ

ሳይን 180 ዜሮ፣ ኮሳይን 180 ደግሞ −1 ስለሆነ የሚተርፈው ያው ሳይን መ ነው። ስለዚህ 147 ዲግሪም መልስ ነው። የመጀመሪያው ሚያዝያ 15 አካባቢ ይውላል። ሁለተኛው ነሐሴ 14 አካባቢ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ በክረምቱ ደመና ምክንያት ዘንግ ተክሎ የጠበቀ ሰው ላያየው ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያገኘዋል። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከአምደወርቅ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ በሁለቱም ቀን ጥላው የሚጠፋው 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ቶለሚ የዚህን የድምርና ልዩነት ቀመር አቻ የሠራው ለሥነ ፈለክ ስሌት ነበር። ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራል፦ መጋቢት 11 ገደማ «ፀ» ዜሮ ስለሚሆን፣ በአምደወርቅ የአንድ ሜትር ዘንግ የእኩለ ቀን ጥላ 22 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ታንጀንቱ 0.22 የሆነውን ማዕዘን የፈለገ ተማሪ የከተማዋን ኬክሮስ ያገኛል።