ሻምፒዮንና ጀማሪ በአንድ ጠረጴዛ፤ ነጥቡ ለማን?

ቅዱስ ጊዮርጊስ በየሳምንቱ ከሰፈር ቡድን ጋር እየተጫወተ ሦስት ሦስት ነጥብ ቢሰበስብ ምን ይፈጠራል? ወሩ ሳያልቅ የሰፈሩ ልጆች ማሊያቸውን ሰቅለው ቤታቸው ይገባሉ፤ ጊዮርጊስም የሚያሸንፈው ያጣል። እግር ኳስ ይህን ጣጣ በዲቪዚዮን ገላግሎታል። በብሪጅ ክለቦች ግን ነገሩ እንዲህ የዋዛ አይደለም።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ነው። ክለቦች በሚያዘወትሩት «ዱፕሊኬት» በሚባለው ዓይነት ያው የታደለ ካርታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ስለዚህ ጥሩ ካርታ ስለደረሰው ብቻ የሚያሸንፍ የለም፤ አሸናፊው ያንኑ ካርታ ከያዙት ሌሎች ጥንዶች የተሻለ የሠራው ነው። ዕድል በዚህ መንገድ ከሜዳ ቢወጣም የችሎታ ልዩነቱ ግን አለ። በአንዱ ጠረጴዛ 40 ዓመት የተጫወተ አንበሳ፣ በሌላው ኮርሱን ገና የጨረሰ ጀማሪ ይቀመጣል። ለየብቻ እንዳይጫወቱ ደግሞ በትንሽ ክለብ ሰው አይበቃም።

ሁሉም የሚሻሙት «ማስተር ፖይንት»ን ነው። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተጀመረው ይህ ነጥብ እንደ ሊግ ነጥብ በየዓመቱ ከዜሮ አይጀምርም፤ ሲሸነፉም አይቀነስም። ዕድሜ ልክ ይጠራቀማል። «ላይፍ ማስተር» ለመባል 300 ነጥብ ይበቃ የነበረ ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ ለሚመዘገቡ አባላት ወደ 500 ከፍ ብሏል። ከውድድር ውድድር በመብረር የታወቀው ባሪ ክሬን በ1985 ሲሞት ከ35 ሺህ በላይ ሰብስቦ ነበር። ጉድ ነው!

ታዲያ በአንድ ምሽት አንበሶቹ ሁሉንም ነጥብ ጠራርገው እንዳይሄዱ ምን ይደረግ? የአሜሪካ ክለቦች መልስ ደረጃ ማውጣት ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ይጫወታሉ፤ ውጤቱ ሲሠራ ግን ጥንዶቹ ባላቸው ጠቅላላ ነጥብ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ተብለው ይመደባሉ። ለምሳሌ ከ15 ጥንዶች አንድ የ«ሲ» ጥንድ በአጠቃላይ 5ኛ ወጣ እንበል። የ«ኤ» ጥንዶች ሲወጡለት ከ«ቢ» እና «ሲ» 2ኛ፣ ከ«ሲ» ብቻ ደግሞ 1ኛ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ሽልማቶች ትልቁን ይወስዳል፤ ተደምረው ግን አይሰጡትም። ጀማሪውም በአንበሶች ፊት ተጫውቶ ባዶ እጁን አይመለስም። በሌላ በኩል ለጀማሪዎች ብቻ በሚዘጋጅ ምሽት የሚሰጠው ነጥብ ለሁሉም ክፍት ከሆነው ያንሳል፤ ተጋጣሚው ቀላል ነዋ!

መላው ጥሩ ቢሆንም ቀዳዳ አለው። ነጥቡ ስለማይቀንስ የዛሬ 30 ዓመት ኮከብ የነበሩ አዛውንት ዛሬ ጨዋታው ቢከብዳቸውም «ኤ» ውስጥ እንደተቸነከሩ ይቀራሉ። ገና የተመዘገበ ብርቱ ወጣት ደግሞ ነጥብ ስለሌለው ብቻ «ሲ» ውስጥ ገብቶ የእውነተኞቹን ጀማሪዎች ሽልማት ያፍሳል። ማስተር ፖይንት ምን ያህል እንደተጫወቱ እንጂ ዛሬ ምን ያህል እንደሚችሉ አይናገርምና።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ ሁለቱን ነገሮች ለያይተዋቸዋል። በክለብ የሚሰጠው «ሎካል ፖይንት» 100 ሲሞላ አንድ ማስተር ፖይንት ይሆናል፤ እሱም እንደ ቀድሞው ይጠራቀማል። ከጎኑ ግን የወቅቱን ብቃት የሚለካ ሌላ ደረጃ አቁመዋል። ይህኛው የአጣማሪንም የተጋጣሚንም ጥንካሬ አይቶ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስያሜውም ከካርታ የተወሰደ ነው፤ ከ«ኤስ» እና «ኪንግ» ጀምሮ እስከ 2 ይደርሳል።

የእግር ኳስ ወዳጅ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። በቀድሞው የፊፋ ስሌት የወዳጅነት ጨዋታ የቡድንን አማካይ ነጥብ ያወርድ ስለነበር፣ ፖላንድ የወዳጅነት ጨዋታዎችን በመቀነስ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ድልድል ከታላላቆቹ ቋት ገባች። ሩሲያ ላይ ግን በሴኔጋልና በኮሎምቢያ ተሸንፋ ከምድቧ መጨረሻ ሆነች። ፊፋ በዚያው ዓመት ነሐሴ ስሌቱን ቀይሮ ጠንካራን ያሸነፈ ብዙ የሚያገኝበትን፣ በደካማ የተሸነፈ ብዙ የሚያጣበትን ዘዴ አመጣ።

ብሪጅ ክለቦች ግን ማስተር ፖይንትን እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ለማድረግ ቢሞክሩ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ክለብ የሚኖረው ተጫዋች በየምሽቱ በሚከፍላት ገንዘብ ነው፤ በመጣ ቁጥር ነጥቡ የሚቀነስበት ጀማሪ ደግሞ ቤቱ መቅረትን ይመርጣል። ስለዚህ ነጥብ ሁለት ሥራ አለው፦ ሰውን ወደ ጠረጴዛው መመለስና ችሎታን መመዘን። አንድ ቁጥር ሁለቱንም ልሥራ ሲል አንዱን ያበላሻል። ማባበያውን ለብቻ፣ ሚዛኑን ለብቻ ያደረገ ክለብ ጀማሪውንም አንበሳውንም አያጣም።