ያረጀው እንጨት ቅርስ ሲታደግ

የካዕባ ጣሪያ በአንድ ወቅት ከተሰበረ መርከብ እንጨት መሠራቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) 35 ዓመት ሲሆናቸው፣ ወሕይ ከመውረዱ 5 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ቁረይሾች ካዕባን አፍርሰው እንደ አዲስ ለመገንባት ተነሡ። ጣሪያ ሊያለብሱት ቢፈልጉም እንጨት አልነበራቸውም። የሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ እንደዘገበው፣ የአንድ የሩም ነጋዴ መርከብ በጂዳ ዳርቻ ተሰብሮ ስለነበር እንጨቱን ወስደው ለጣሪያው አዋሉት። የእንጨቱን ሥራ የሚያውቅ አንድ ግብፃዊ አናጢም በመካ ነበር። ግንባታውን ጎሳዎቹ ተከፋፍለው ሠሩት። ሐጀረል አስወድን ማን ያስቀምጥ በሚል ጠብ በተነሣ ጊዜም ነቢዩ ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አድርገው የየጎሳው ተወካዮች ጫፍ ጫፉን ይዘው በኅብረት እንዲያነሡት አደረጉ፤ በእጃቸውም በቦታው አኖሩት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ባሕር የጣለው እንጨት ለከበረ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የጋራ ቅርስም በጋራ እጅ ይቆማል።

የላሙ ልምድ

በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኘው ጥንታዊቷ የሙስሊሞች ከተማ ላሙ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቤቶቿ ከባሕር ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ ናቸው። የላሙ ጌጥ ግን በሮቿ ናቸው። አበባ፣ ቅጠልና የመስመር ሐረግ ተቀርጾባቸው ወደ መንገዱ ስለሚታዩ፣ ባለቤቱ አንድ ቢሆንም ውበታቸው የአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው።

በዚያው ደሴት ዳው የሚባሉት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባዎች ይሠራሉ። ጀልባው አርጅቶ ለባሕር የማይሆንበት ጊዜ ሲመጣ እንጨቱ ሁሉ ማገዶ አይሆንም። ባለ እጆች ሳንቃውን መርጠው የቤት ዕቃ፣ የሥዕል ክፈፍና ጌጣጌጥ ይሠሩበታል። የድሮው ቀለምና የምስማሩ ቀዳዳ የጀልባው ታሪክ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ ወጣቱም እንጀራ ያገኝበታል።

እኛስ?

በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል 82 መስጊዶች እንዳሏት ይነገራል። የተቀረጹ የእንጨት በሮችም አሏት። ቤት ሲታደስ የእንጨቱ በር ወልቆ የብረት በር ቢገባ፣ የወለቀው ወዴት ይሄዳል? ወደ ምድጃ ነው ወይስ ወደ ነጋዴ? በር ሲጠፋ የጠራቢው ጥበብም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የሠፈር ጀመዓዎች፣ በሐረርም አፎቻዎች፣ ወጣቱንና አናጢውን ቢያገናኙ መልካም ነው። ሊጠገን የሚችል በር ተጠግኖ ወደ ቦታው ይመለስ። ፈጽሞ የማይጠገነው እንጨት ምስማሩ ተነቅሎ፣ ምስጥ የበላው ተለይቶ፣ ለመንገድ ዳር መቀመጫ፣ ለመስጊድ የጫማ መደርደሪያ፣ ለቁርኣን ማስቀመጫ ይዋል፤ የአባቶች ቅርጽም ይጠረብበት።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። የመስጊድ እንጨት ወቅፍ ስለሆነ ዑለማዎችንና የመስጊዱን ኃላፊዎች ሳያስፈቅዱ አይነካም። የታሪካዊ ቤት አካልም የቅርስ ባለሙያ ሳይማከር አይወልቅም።

ወላጆች ሆይ! ማባከን ሃይማኖታችን የሚጠላው መሆኑን ለልጆቻችን በቃል ብቻ አናስተምር። መጥረቢያ ከማንሣታችን በፊት የአያታቸውን በር አብረን እንመርምር። አላህ (ሱ.ወ.) አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።