“መድኃኒት” ያልነው መርዝና እየጠፉ ያሉት ጥንብ አንሳዎች

ከ30 ዓመት በፊት ገደማ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንድ ማለዳ አባት ልጁን አዝሎ መጣ። ልጁ የ9 ዓመት እረኛ ነው። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ሆዱን ይዞ ያስመልሳል። ዓይኑን ገልጬ ሳይ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ይህን ምልክት ያየ ባለሙያ ብዙ አይጠይቅም፤ የፀረ-ተባይ መመረዝ ነው። ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙና አጠብነው፣ አትሮፒን ሰጠነው፣ ሌሊቱን አጠገቡ አደርን። በሁለተኛው ቀን እንጀራ አምጡልኝ አለ።

አባቱን “ምን ነክቶ ነው?” ብዬ ብጠይቀው “መድኃኒት ነው” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጅብ ጥጃቸውን በላባቸው። በንዴት ከጥጃው በተረፈው ሥጋ ላይ ለሰብል የገዙትን ፀረ-ተባይ አፈሰሱበት። በማግስቱ አንድ ጅብ፣ የጎረቤት ሁለት ውሾችና 11 ጥንብ አንሳዎች እዚያው ዙሪያውን ሞተው ተገኙ። ልጆቹ አሞራዎቹን በባዶ እጃቸው እየጎተቱ ገደል ከተቱ። የእኛ ታማሚ እጁን ሳይታጠብ ምሳውን በላ።

ልጁን በመዝገባችን ላይ ጻፍነው፤ ዕድሜው፣ ሕመሙ፣ የተሰጠው ሕክምና፣ ድኖ መውጣቱ። 11ዱን አሞራዎች ግን የመዘገባቸው ሰው የለም። እኔም ያኔ አላሰብኩትም። ከጡረታ በኋላ ስለ ፀረ-ተባይና ስለ ዱር እንስሳት ማንበብ ስጀምር ግን ያ ያልተጻፈ መስመር ትዝ እያለ ያስጨንቀኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አሞራው ምን ይጠቅመናል?

በልጅነታችን ከብት ሲሞት የምናውቀው ሰማዩን አይተን ነበር። አሞራ ሲዞር ካየን “የማን በሬ ሞተ?” ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ሥጋው አልቆ አጥንት ብቻ ይቀራል። ሽታ የለም፣ ዝንብ የለም፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ብስባሽ የለም። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ሰውንም ከብትንም የሚያሳምሙ ብዙ ተሕዋስያንን ያጠፋል። እኛ በጤና ጣቢያ በክሎሪንና በእሳት የምንሠራውን እሱ በሆዱ ይሠራዋል። መርዝን ግን አይችለውም።

አኗኗሩም ለአደጋ ያጋልጠዋል። አንዱ ወደ መሬት ሲወርድ ያየው ሌላው ይከተለዋል፤ እሱን ያየው ሦስተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ የተመረዘ ጥንብ ከሩቅ የመጡትን ሁሉ በአንድ ማዕድ ሊጨርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ ሕገወጥ አዳኞች በገደሏቸው ዝሆኖች ሬሳ ላይ መርዝ ጨምረው 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኙ። አዳኞች ይህን የሚያደርጉት የአሞራው መዞር ወንጀላቸውን ለጠባቂዎች ስለሚያሳይባቸው ነው።

የሞተው ቶሎ የሚተካ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ዶሮ ብትሞት በወራት ውስጥ ሌላ ትተካለች። ጥንብ አንሳ ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። ጫጩቱም አድጎ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ጫጩቱን የሚመግቡት እናትም አባትም ናቸውና፣ አንዱ በመርዝ ሲሞት ጎጆ ውስጥ የቀረውም ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ከመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ በቀራቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። አራቱም በአገራችን የሚገኙ ናቸው። አንዱ በየከተማችን ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምናየው፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ቀላ ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣ አህጉር አቀፍ ጥናት፣ በምርመራው ከተመዘገቡት የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶው በመርዝ የመጡ መሆናቸውን አሳየ። “ከተመዘገቡት” የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ።

በአገራችንም በመካከለኛው ኢትዮጵያ ቄራዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 የተደረገ ክትትል፣ ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በእጅጉ መቀነሳቸውንና በምትካቸው ባለቤት የሌላቸው ውሾች መብዛታቸውን አሳይቷል። ለእኔ ይህ የወፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በውሻ የተነከሰ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ በድሮው ክትባት ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ ሲወጋ የያዝኩት እኔ ነኝ። በጊዜ ያልመጣውንና የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውን ደግሞ ውኃ እየጠማው ውኃ ሲፈራ አይቻለሁ። ያን ያየ ሰው ውሻ በዛ ሲባል ዝም ብሎ አይሰማም።

ሕንድ ይህን ትምህርት በውድ ገዝታዋለች። እዚያ አሞራውን የጨረሰው ፀረ-ተባይ ሳይሆን ዲክሎፌናክ ነው፤ እኛ ሽማግሌዎች ለጉልበታችን የምንወስደው የሕመም ማስታገሻ። ለከብት ተሰጠ፤ ከብቱ ሲሞት አሞራው በላው፤ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ሞተ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች ካለቁ በኋላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። በኋላ የተሠራ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት፣ አሞራዎቹ በመጥፋታቸው በ5 ዓመት ውስጥ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ የሰው ሞት እንደደረሰ ገምቷል። ያን መድኃኒት የፈቀደ ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም። ለከብቱ ደህና መሆኑን ጠይቋል፤ ከብቱን ለሚበላው አሞራ ግን አልጠየቀም።

አደጋ እንዴት ይለካል?

ባለሙያዎች ፀረ-ተባይ በእንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲመዝኑ የሚጠይቁት እኛ ለሕፃን መርፌ ስናዘጋጅ የምንጠይቀውን ነው። መድኃኒቱ ምን ያህል ብርቱ ነው? ይህ ልጅስ ስንት ኪሎ ነው፣ ምን ያህል ይደርሰዋል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ በላቦራቶሪ ሙከራ ይደረጋል፤ በንብ፣ በዓሣ፣ በምድር ትል፣ ድርጭትና ዳክዬን በመሰሉ ወፎች ላይ። ካርቦፉራን የሚባለውን ብንወስድ፣ አንዲት ፍሬው ብቻ ትንሽ ወፍ ለመግደል ትበቃለች። ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የሚረጨው ስንት ነው፣ ወደ አፈርና ውኃ ስንቱ ይገባል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ እንስሳው ምን ይበላል፣ የት ይኖራል እየተባለ ይሰላል። የሚደርሰው መጠን ከሚጎዳው መጠን ጋር ሲቀራረብ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ወይም ይከለከላል።

የሚኖርበትን ቦታ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ መርዝ በተረጨበት አይቀመጥምና። ዲዲቲን የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። የወባ መርጪዎች ሲመጡ ዕቃ አውጥተን ግድግዳው ነጭ እስኪሆን ይረጩልን ነበር፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ዲዲቲ ግን በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ለዓመታትም አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ በዓሣ በኩል ወደ ንስር ገብቶ የእንቁላሉን ቅርፊት ስላሳሳው፣ ወፏ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአላስካ በስተቀር በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት የራሰ በራ ንስር ጥንዶች 417 ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ በ1972 ታገደ፤ ንስሩም በ2007 ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተመራማሪዎች በዝዋይ ሐይቅ ዓሣና ዓሣ በሚበሉ ወፎች ላይ የዲዲቲን ቅሪት አግኝተዋል፤ ከወፎቹ መካከል ከፍ ያለው የተገኘው በአባ ኮዳ ላይ ነው። ከግድግዳና ከእርሻ የተነሳው ሐይቅ ደርሷል ማለት ነው።

ቁጥራቸው ለተመናመነ ዝርያዎች ደግሞ ሚዛኑ ራሱ ይለወጣል። ለተራ ድርጭት “አብዛኞቹ ይተርፋሉ” ማለት ሊበቃ ይችላል። በዓመት አንድ እንቁላል ለሚጥል አሞራ ግን የአንዱም ሞት ይቆጠራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በሕግ ደነገገች፤ ሆኖም የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲዋ በ2022፣ በሕጉ መሠረት የመረመረው ሊመረምር ከሚገባው የፀረ-ተባይ ውሳኔ 5 በመቶ እንደማይሞላ ራሱ አመነ። ባለ ብዙ ላቦራቶሪዋ አገር እዚህ ላይ ከሆነች፣ ሥራው ቀላል አለመሆኑን ከዚህ እንረዳ።

ከወረቀቱ ውጭ የቀረው

በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674፣ ማንኛውም ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። የሚመዘገበው ግን በመለያው ላይ ለተጻፈው ጥቅም፣ በተጻፈው መጠን ነው። ምርመራው ሁሉ የቆመው “ሰው የተጻፈውን ይከተላል” በሚል እምነት ላይ ነው።

ገበያ ወጥታችሁ እዩ። ከትልቁ ዕቃ እየተቀነሰ በፌስታል፣ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በውኃ ፕላስቲክ ይሸጣል። መለያው ሱቅ ውስጥ ቀርቷል። ሲገዛም “የተባይ መድኃኒት” ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ለጤፍና ለጎመን የተፈቀደው ለጅብ፣ ለነብርና ለውሻ ሥጋ ላይ ሲፈስ፣ የትኛውም ላቦራቶሪ ያላሰላው ነገር ተፈጠረ ማለት ነው። በጥጃ ሥጋ ላይ የሚፈስ ፀረ-ተባይ በየትኛውም መለያ ላይ አልተጻፈም።

ያን የሚያውቀው በቦታው ያለ ሰው ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ፣ መንግሥትም ተመራማሪም አያውቁም፤ ኬሚካሉም በሚቀጥለው ምርመራ ላይ “ጉዳት አልተመዘገበበትም” ተብሎ ያልፋል። የኔ 11 አሞራዎች እንዲህ አልፈዋል።

እኛ ምን እናድርግ?

ወላጆችና አያቶች የቤቱን ቋንቋም፣ የቤቱን ቁልፍም የያዝነው እኛ ነን።

መርዝን መርዝ እንበለው። ልጅ “መድኃኒት” ሲባል የሚያውቀው የሚዋጥ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቤታችን የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መርዝ፣ የአረም መርዝ እንበል።

ከነመለያው በራሱ ዕቃ እናስቀምጠው። ቆልፈን፣ ከምግብና ከእህል ለይተን። ወደ ለስላሳ ጠርሙስ አንገልብጥ። ባዶውን ጀሪካን ለውኃ አንጠቀም፤ 3 ጊዜ አለቅልቀን እጣቢውን መርጫው ውስጥ ከጨመርን በኋላ በስተን እናስወግደው። መርጫ በወንዝና በምንጭ ውስጥ አይታጠብም።

ሥጋ አንመርዝ። ጅብ ካስቸገረ በረቱን በእሾህና በእንጨት ማጠንከር፣ ጥጃን ቤት ማስገባት ይሻላል። ውሻ ካለን እናስከትበው፣ እናስረው። መርዝ የታለመለትን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የጎረቤትን ውሻም የራስን ልጅም ያገኛል።

የሞቱ አሞራዎች ካየን አንንካ። በአንድ ጥንብ ዙሪያ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሞቱ መርዝ ነው ብለን እንጠርጥር። ልጆችን እናርቅ፣ ከብትና ውሻ እንዳይደርስ እንጠብቅ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ብዛቱን ጽፈን፣ ስልክ ካለን ፎቶ አንስተን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንንገር። ጥንቡም ሌላ እንዳይጨርስ ከውኃ ርቆ በጥልቅ መቀበር አለበት፤ ሥራው ግን ጓንት ያለው ባለሙያ በተገኘበት ይሁን።

ሰው ከተመረዘ ጊዜ አናጥፋ። ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙናና በውኃ እንጠበው፤ እጃችንን በፌስታልም ቢሆን እንሸፍን። ከዋጠ እንዲያስመልሰው አናስገድድ፣ ወተትም አንስጥ። የመርዙን ዕቃ ከነመለያው ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ። ባለሙያው ያንን ጽሑፍ ሲያይ ግማሹ ሥራ ያልቅለታል።

ያ እረኛ ዛሬ በሕይወት ካለ የልጆች አባት ሆኗል። ልጆቹ ጥንብ አንሳ አይተው እንደሁ አላውቅም። አንድ ቀን ቀና ብለው “አባ፣ ያ የሚዞረው ምንድን ነው?” ብለው እንዲጠይቁት፣ እሱም “አሞራ ነው፤ የማን በሬ ሞተ?” እንዲል እመኛለሁ።

ለ11ዱ አሞራዎች ግን 30 ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ይህን መስመር ጽፌላቸዋለሁ። የናንተን በዕለቱ ጻፉት።