«ጊዜ የለኝም» የሚለው ሠራተኛና የሰውነቱ ክብደት

የሰው ልጅ ሰውነት በሥራ የሚጠነክር፣ በሥራ ብዛትም የሚጎዳ ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ መደርደር አያስፈልግም። አከራካሪ ሆኖ የሚገኘው፣ ቀኑን ሙሉ ለዕለት እንጀራው ደፋ ቀና ሲል የሚውል ሰው ለጤናው የሚሆን ሰዓት ከየት ያመጣል? የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሯጮች ሜዳ ይልቅ የላብ አደሮችን ሰፈር መመልከት ይበጃል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ፣ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የሚገኘውንና ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሮአቸውን መሥርተውበት የነበረውን የዴምን ሰፈር አብነት አድርገን እንነሣለን።

ዴም ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የከተማዪቱ ሠራተኞች የሰፈሩባቸው መንደሮች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በኋላም በስደትም ሆነ በሥራ ፍለጋ ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተሰባስበውበት፣ የእንጀራው ምጣድና የቡናው ጀበና የሰፈሩ መለያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የሱዳን ተወላጆች ሳይቀሩ ዝግኒ ለመብላት ወደ ዴም ይመጡ እንደ ነበር በካርቱም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የነዋሪዎቹ መተዳደሪያ የቤት ሠራተኝነት፣ የሻይ ሻጭነት፣ የምግብ ቤት አስተናጋጅነት፣ የመካኒክነት፣ የሹፌርነትና የዘበኝነት ሥራ ነበር። ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሠራ፣ ከደመወዙም ቆርጦ ለአገር ቤት ቤተሰቡ የሚልክ ሕዝብ ነው።

ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሜዳማ ከተማ ስትሆን፣ በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በወሎ፣ በጎንደር ወይም በሸዋ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ያደገ ሰው እዚያ ሲደርስ፣ ዳገቱ ይቀርበታል፤ ፀሐዩም ከእግር መንገድ ወደ መኪና ያባርረዋል። ምግቡ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም በየጥላው ሥር የሚቀርበው፣ ስኳሩ የበዛው ሻይ ተጨምሮበታል። ሰውነት የገባለትንና ያወጣውን የሚያሰላ ታማኝ ሒሳብ ሠራተኛ በመሆኑ፣ የተረፈውን ሁሉ በወገብ ዙሪያ ያስቀምጠዋል።

ይህ ነገር የዴምን ሰው ብቻ የሚመለከት አይደለም። በክፍሉ የማለዳ ሩጫ ሲሮጥ የቆየ ወታደር ወደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሲዛወር፣ እንቅስቃሴው ቀንሶ ማዕዱ እንደ ቀድሞው የሚቆይ ከሆነ፣ ቀበቶው በዓመቱ አንድ ቀዳዳ ወደ ፊት መሄዱ አይቀርም። ባለሱቁም፣ መምህሩም፣ ጸሐፊዋም ቢሆኑ ከዚሁ ሕግ ውጭ አይደሉም።

ከሹፌሩና ከቲኬት ቆራጩ የተገኘ ትምህርት

ስለ ሥራና ስለ ጤና ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ እጅግ የታወቀው በለንደን አውቶቡሶች ላይ የተካሄደው ነው። ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ አብረው የሚውሉትን ሹፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸሩ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቆራጩ ግን በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርሱ የደረጃ እርከኖችን ይወጣል። ውጤቱ ሲታይ የልብ ሕመም በተቀማጮቹ ሹፌሮች ላይ ይበልጥ ይደርስ ነበር፤ ሕመሙ የደረሰባቸውም በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚሞቱት ይበዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ይኸው ቡድን የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲመረምር፣ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገብ ገና ከመጀመሪያው የሰፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ በመቀመጥ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ዋናውን ነጥብ አጽንተውታል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር፣ ቲኬት ቆራጩ ለስፖርት ብሎ የመደበው አንድም ሰዓት እንዳልነበረ ነው። እንቅስቃሴው ከሥራው ጋር የተሰፋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንደሚያስፈልግ ካመለከተ በኋላ፣ እንቅስቃሴው ለአጭር ጊዜ የተደረገ ቢሆንም እንኳ የሚቆጠር መሆኑን ገልጿል። ይህ ማለት አሥር ደቂቃ ጧት፣ አሥር ደቂቃ ማታ የተራመደ ሰው ዕዳውን እየከፈለ ነው ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ስለ እንቅስቃሴ ሲነሣ ወዲያው ሻምበል አበበ ቢቂላን ያስታውሳል። በእርግጥ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ፣ ማለትም ደመወዝተኛ ወታደር ነበር። ነገር ግን አሠልጣኝም የልምምድ ጊዜም ነበረው። ከሌሊት እስከ ምሽት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ወይም በአንድ በር ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆም ዘበኛ ይህ ሁሉ የለውም። በጀግናው መኩራት ተገቢ ሲሆን፣ እንደ እርሱ ካልሮጥሁ ምንም አላደርግም ማለት ግን ለስንፍና የተቆረጠ ፈቃድ ነው።

የብርጭቆው ሒሳብ

ክብደት ለመቀነስ የሚነሡ ብዙ ሰዎች በሩጫ ይጀምራሉ፤ ከሳምንት በኋላም ይተዉታል። ምክንያቱ ሒሳቡን ባለማወቃቸው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም 16 ካሎሪ ይሰጣል። በአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ እየጨመረ በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ 80 ግራም ስኳር ወይም 320 ካሎሪ ይወስዳል። በአንጻሩ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 300 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በጥላ ሥር ተቀምጦ የጠጣውን ስኳር ብቻ ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ መራመድ ሊኖርበት ነው። ጊዜ የሌለው ሠራተኛ ይህን ሰዓት ከየት ያመጣዋል?

መልሱ ሰዓቱን ማምጣት ሳይሆን ማንኪያውን መቀነስ ነው። ሻይ ለምትቀዳለት ሴት «እኅቴ፣ ለእኔ አንድ ማንኪያ ብቻ» ብሎ መናገር ጊዜም ገንዘብም አይጠይቅም። ያው አምስት ብርጭቆ ሻይ በአንድ አንድ ማንኪያ ሲጠጣ በቀን 240 ካሎሪ ይቀንሳል፤ ሌላው ምግብ ሳይለወጥ ቢቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ሊወርድ ይችላል። ምላስ ከለመደው ጣፋጭ በአንድ ጊዜ መለየት ስለሚከብደው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይበጃል።

ዘይትም እንደዚሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ሳለ ብዙ ሰው ለምን እንደማይቀንስ የሚገረም ቢኖር፣ የሽሮውንና የምስሩን ድስት ዘይት ይመልከት። በረመዳንም ቀኑን በትዕግሥት ጾሞ ማታ በጣፋጭ መጠጥና በተጠበሰ ነገር ማካካስ ውጤቱ አንድ ነው። ጾም የሃይማኖት ሥርዓት እንጂ የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም፤ ነገር ግን ልከኛ ማዕድ ለለመደ ሰው መልካም አጋዥ ነው።

ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው

ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር አያስፈልገውም። ሹፌር፣ ጸሐፊ፣ ባለሱቅ የመሰለ ተቀማጭ ሠራተኛ የሚጎድለው እንቅስቃሴ ነው። ከመድረሻው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ቢወርድ፣ በየሰዓቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጥቂት ቢንጎራደድ፣ ዳገት ባለባቸው እንደ ደሴና እንደ ጎንደር ባሉ ከተሞች የሚኖር ከሆነም ዳገቱን በእግሩ ቢወጣ፣ ከሥራው ሳይጎድል የሳምንቱን ድርሻ ሊያሟላ ይችላል።

በእግሯ ቆማ ስታጥብ፣ ስትጠርግና ስትሸከም የዋለች የቤት ሠራተኛ ግን ተጨማሪ ሩጫ አያስፈልጋትም። የሚጎድላት እንቅልፍና የተስተካከለ የምግብ ሰዓት ነው። ቀኑን ሳይበሉ ውሎ ማታ አንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት፣ እንዲሁም በእንቅልፍ እጦት የሚመጣው የረኃብ ስሜት፣ ብዙ የደከመች ሴት ሳትቀመጥ እንድትወፍር የሚያደርጉ ነገሮች ናቸው። ይህን ያልተረዳ ሰው «እንዲህ እየሠራሽ እንዴት ወፈርሽ?» ብሎ ሲያሾፍባት ይሰማል።

ጡንቻን ለማጠንከር አዳራሽም መሣሪያም ግድ አይደለም። ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በግድግዳ ወይም በመሬት ላይ ፑሻፕ መሥራት፣ ከወንበር ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ አሥር አሥር ጊዜ እየተደጋገመ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በሞቃት አገር ግን ሰዓቱን መምረጥ ያሻል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚደረግ እርምጃ ጤና ሲሆን፣ ያው እርምጃ በቀትር ሲደረግ አደጋ ሊሆን ይችላል። ውሃ አስቀድሞ መጠጣት፣ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ወደ ጥላ መግባት ይገባል። ደረቱን የሚወጋው ወይም የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

የሚጠበቀው ውጤትም ልኩ ሊታወቅ ይገባል። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች የክብደታቸውን 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። በመድኃኒት ብቻ የተረዱት የቀነሰላቸው በ31 ከመቶ ነው። ለ80 ኪሎ ሰው 7 ከመቶ ማለት ከስድስት ኪሎ ያነሰ ነው። በአንድ ወር የሚያከሳ ተአምር መፈለግ አያስፈልግም ማለት ነው፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእርግጥ በርትቷል።

ከቤት ይዞ የሚወጣው ንብረት

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ለኦርቶዶክሳውያን የፋሲካ ዋዜማ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለሙስሊሞች ደግሞ የረመዳን ጾም ገና አልተፈታም ነበር። በዚያ ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የዴም ነዋሪዎችም ምጣዳቸውን፣ ጀበናቸውንና ለዓመታት ያጠራቀሙትን ዕቃ ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ያቀኑ ሲሆን፣ መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘም በእግሩ ተጉዟል። በዚያ መንገድ ላይ ጉልበቱ የታመመ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ የስኳር መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው ከሌላው ይልቅ ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

በሰው አገር የሚሠራ ሰው ሲታመም ደመወዙ ይቆማል፤ በእርሱ ደመወዝ የሚተዳደሩት የአገር ቤት እናትና ልጆችም አብረው ይታመማሉ። በቀበሌው፣ በጦር ሰፈሩ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ያለው ሠራተኛም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ዕቃ በሌላ ዕቃ ይተካል፤ ሰውነት ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ «ጊዜ የለኝም» የሚል አንባቢ ካለ፣ ነገ ጧት ከሻዩ አንድ ማንኪያ ስኳር ያስቀር፤ ወደ ሥራው ሲሄድም አሥር ደቂቃ በእግሩ ይራመድ። ለዚህ የሚሆን ጊዜ የሌለው ሠራተኛ የለም።