ገቢውን ያሳደገው ኪራዩ ነው

በየጥቂት ወሩ በቴሌግራምና በፌስቡክ አንድ ዝርዝር ይዞራል። «ለኑሮ የሚመቹ የአሜሪካ ካውንቲዎች» ይላል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደረጃ አለ፣ ከደረጃው ጎን ደግሞ ነጥብ። ከሥሩ ክርክር ይነሳል። አንዱ ሜሪላንድን ለቃችሁ ቴክሳስ ግቡ ይላል። ሌላው በዚያው በሜሪላንድ ባለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኪራዩ ቢወደድም የነዋሪው ገቢ ከፍተኛ ስለሆነ አይከብድም ብሎ ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ወሬ ተገፋፍተው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ዕቃቸውን የጫኑ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አይቻለኝም። በተለይ የሁለተኛው ተከራካሪ መልስ ልክ ይመስላል፤ ስህተቱ ግን ከሥሩ ነው።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ በመላ አሜሪካ ከ3,100 በላይ አሉ። የእኛ ሰው የሚበዛባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ግን በየትኛውም ካውንቲ ውስጥ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች የሕዝብ ቆጠራው እንደ ካውንቲ ይይዛታል። የገቢና የኪራይ ቁጥሮቹ በአብዛኛው የሚመጡት የቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ገደማ አድራሻዎች ከሚልከው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ነው። ናሙና ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር የስህተት ወሰን አብሮት ይታተማል። ዝርዝር አውጪዎቹ ይህን ወሰን ይጥሉትና 41ኛውን ከ46ኛው ያበላልጣሉ። ወሰኑ ቢጨመር ሁለቱን መለየት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የ30 በመቶ ሕግ ነው። ከገቢው 30 በመቶ በላይ ለቤት የሚከፍል ሰው የቤት ወጪ የከበደው ይባላል፤ ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ በጣም የከበደው። ይህን ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። መነሻው ግን የማሳቹሴትሱ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ በ1969 ያስወጡት የሕግ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ ከገቢው ሩብ በላይ እንዳይከፍል ወሰነ፤ በ1981 ሩቡ ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። ለአንድ ፕሮግራም የወጣ የክፍያ ጣሪያ የሀገር ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው 30 በመቶውን ለቤት ቢከፍል 140,000 ይተርፈዋል። 40,000 የሚያገኘው ሲከፍል የሚተርፈው 28,000 ነው፤ ግብር፣ ምግብ፣ መኪናና ዴይኬር ሁሉ ከዚያው ይወጣል። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስቶን ከኪራይ በኋላ የሚተርፈውን ገንዘብ እንድንመዝን ለአሥርታት የተከራከሩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ዝርዝሮቹ አንድ ካውንቲ ለአቅም ይስማማል አይስማማም የሚሉት የመሐል ኪራዩን ለመሐል ገቢው አካፍለው ነው። የመሐል ገቢ ማለት ከነዋሪው ግማሹ ከላዩ፣ ግማሹ ከታቹ የሚውልበት ቁጥር ነው። በሞንትጎመሪ የቤቶች የመሐል ገቢ በዓመት ከ120,000 ዶላር ይበልጣል። በዚህ ቁጥር የትኛውም ኪራይ ሲካፈል የሚሸከሙት ይመስላል። የተዘነጋው ነገር አካፋዩ ራሱ የኪራዩ ውጤት መሆኑ ነው። ኪራይ ሲጨምር የነዋሪው ስብጥር ይለወጣል፤ ስብጥሩ ሲለወጥ የመሐል ገቢው ያድጋል፤ ማንም ሰው አንድ ዶላር የደመወዝ ጭማሪ ሳያገኝ።

በቁጥር እንየው። አምስት ቤቶች ብቻ ያሉበት ካውንቲ አስቡ። ዓመታዊ ገቢያቸው 40፣ 60፣ 90፣ 130 እና 200 ሺህ ዶላር ነው። የመሐሉ 90 ሺህ ነው። ኪራይ በወር 2,250 ቢሆን በዓመት 27,000 ይመጣል፤ ከመሐል ገቢው ልክ 30 በመቶ። አሁን ኪራዩ ወደ 2,700 ይውጣ። 40 ሺህ የሚያገኘው ቤተሰብ አልቻለምና ለቆ ወጣ፤ በቦታው 180 ሺህ የሚያገኝ ገባ። አዲሱ ሰልፍ 60፣ 90፣ 130፣ 180፣ 200 ነው፤ የመሐሉም 130 ሺህ። ዓመታዊ ኪራዩ 32,400 ስለሆነ ድርሻው ከ25 በመቶ በታች ወረደ። ኪራይ 20 በመቶ ጨምሮ፣ አንድ ቤተሰብ ተሰድዶ፣ ካውንቲው በዝርዝሩ ላይ ረከሰ ተብሎ ይጻፋል። ደካማ ተማሪዎቹን ያሰናበተ ትምህርት ቤት ውጤቱ ከፍ ይልለታል፤ ከቀሩት ውስጥ ግን አንድ ነገር የጨመረ ተማሪ የለም። ካውንቲዎቻችንን የምንመዝነው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የሚለቁት ሰዎች ጉዳይ ነው። የማይለቁት ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፤ በሞንትጎመሪዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዊተን የኖረ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ቤት ይጋራሉ። ቆጠራው «ሃውስሆልድ» የሚለው በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ ነው፤ ዘመድ ሆኑም አልሆኑም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሁሉ ገቢ ይደመራል። ሦስት ታክሲ ነጂዎች አንድ ቤት ተከራይተው እያንዳንዳቸው በዓመት 45 ሺህ ዶላር ቢያገኙ፣ በወረቀት ላይ 135 ሺህ ዶላር የሚገባበት አንድ ሀብታም ቤት ናቸው።

ወደ አምስቱ ቤቶች እንመለስ። ማንም አልለቀቀም፤ 40 እና 60 ሺህ የሚያገኙት ግን ኪራዩን ስላልቻሉ አብረው መኖር ጀመሩ። ሰልፉ 90፣ 100፣ 130፣ 200 ሆነ። የመሐል ገቢው ከ90 ወደ 115 ሺህ ተተኮሰ። ዓመታዊ ኪራዩ 32,400 ሆኖም ድርሻው 28 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ30 በመቶው ጣሪያ በታች። ጭንቀቱ ራሱ የምቾት ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የራሱ መግቢያ ያለው ቤዝመንት በደንቡ ለብቻው ቤት ሆኖ ሊቆጠር ይገባል፤ ስለዚህ የተጋራ ሁሉ ይደመራል ማለት አይደለም። ሳሎኑን ከፍሎ ክፍል በክፍል የሚኖረው ግን ይደመራል። ለዚህ ነው የመሐል ገቢ ቁጥር ሲመጣ በአንድ ቤት ስንት ሰው፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይኖራል የሚለውን አብሬ የምመለከተው። ያው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት የመጨናነቅ ቁጥር ያወጣል፤ ዝርዝር አውጪዎቹ ሊጠቀሙበት ቢፈልጉ ቀርቦላቸዋል።

በኪራይ ማስታወቂያ ላይ የምታዩት የአካባቢ የመሐል ገቢ፣ በተለምዶ «ኤኤምአይ»፣ ሌላ ቁጥር ነው። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የሚያሰላው ለዋሽንግተን አካባቢ በሙሉ ነው፤ በሀገሪቱ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ካውንቲዎች አንዱ የሆነው ላውደንም ውስጡ አለ። መነሻውም የሃውስሆልድ ሳይሆን የቤተሰብ ገቢ ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩት ከስሌቱ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። «አፎርደብል» ተብሎ በ60 በመቶ የሚከራይ ቤት እንግዲህ 92,820 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ የታሰበ ነው፤ የዚህ 30 በመቶ በወር 2,320 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ በነበረው የሞንትጎመሪ የትላልቅ ድርጅቶች ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 17.15 ዶላር፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው የሚያገኘው 35,672 ዶላር ነው። የእርሱ 30 በመቶ በወር 890 ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል በየትኛውም ደረጃ ዝርዝር ላይ አይታይም።

የቤት ባለቤቶችም ሥዕሉን ያዛባሉ። የ30 ዓመት ሞርጌጅ ወለድ በ2021 መጀመሪያ 2.65 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2023 ጥቅምት 7.79 ነካ። የ400,000 ዶላር ብድር በ3 በመቶ ወርሃዊ ክፍያው 1,686 ዶላር ሲሆን በ7 በመቶ 2,661 ነው። አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ በወር የ975 ዶላር ልዩነት። የካውንቲው የባለቤቶች የመሐል ወጪ ሲወጣ ቀድመው የገቡት ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል። ዛሬ ለመግባት የሚያስበው ሰው ያንን ቁጥር አይቶ ቢወስን የሚጠብቀው ሌላ ክፍያ ነው።

«ለኑሮ የሚመች» የሚለው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚያገለግለው ኤኤአርፒ በ2015 ያወጣው መለኪያ ቤትን፣ ሰፈርን፣ ትራንስፖርትን፣ አካባቢን፣ ጤናን፣ ተሳትፎንና ዕድልን ለየብቻ ነጥብ ሰጥቶ በእኩል ይደምራል፤ ተጠቃሚው ሚዛኑን እንዲለውጥ መፍቀዱ ከሌሎች የተሻለ ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን ሰባቱን እኩል ማድረግም ፍርድ ነው። ዴይኬር የሚያስፈልጋት እናትና የልብ ሕመም ያለባቸው አባት አንድ ሚዛን ሊኖራቸው አይችልም።

ከዚህ የከፋው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ሸርዊን ሮዘን በ1979፣ ጄኒፈር ሮባክ በ1982 ያሳዩት እንዲህ ይላል፦ ሰው የፈለገው ቦታ መሄድ ከቻለ የአንድ ቦታ መልካምነት በኪራዩ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ሜትሮ፣ ጸጥታ ያለበት ሰፈር ኪራዩ ይወደዳል፤ ውድነቱ የመልካምነቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ርካሽነትንና ምቹነትን በእኩል ነጥብ የሚደምር ዝርዝር አንዱን ነገር አንዴ ሲጨምረው አንዴ ሲቀንሰው ይውላል፤ መካከለኛ የሆነው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ በሙያው ውስጥ ያለውን ክርክር መደበቅ አልፈልግም። የሮዘንና የሮባክ ሐሳብ ሰው በነፃነት እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ ይገምታል። ብዙ የሙያ ፈቃዶች ከስቴት ስቴት ይለያያሉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር፣ ልጅ የሚይዙ አያት ከሰው ጋር አይጫኑም። ኪራይ የሚወደደውም በመልካምነት ብቻ አይደለም፤ ሰፊ መሬት ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ሲከለል አቅርቦቱ ይታፈናል፣ ዋጋውም ያለ ምንም አዲስ መልካምነት ያድጋል። የትኛው ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ባለሙያዎችም አይስማሙበትም። እኔ ለዋሽንግተን ዙሪያ አቅርቦቱ ትልቅ ድርሻ አለው ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ሌሎች በቅን ልብ ሌላ ያስባሉ።

ስለ ቴክሳስ የሚወራውም በዚሁ ሒሳብ ይታይ። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለውም፤ ሞንትጎመሪ ከስቴቱ ግብር በላይ 3.2 በመቶ ለካውንቲው ያስከፍላል። ይህ እውነት ነው። በዳላስ ዙሪያ የንብረት ግብር ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ቢሆን ግን የ400,000 ዶላር ቤት በወር 667 ዶላር ይጠይቃል፤ ሁለተኛ መኪና፣ ነዳጅና ኢንሹራንስም ይጨመሩበታል። የቺካጎው የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል ቤትና ትራንስፖርትን አንድ ላይ አድርጎ ከገቢ 45 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክረው ርካሹ ቤት ሩቅ ሲሆን ቁጠባው መንገድ ላይ ስለሚያልቅ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው መሣሪያ ኤሚ ግላስማየር የጀመሩት የኤምአይቲ የኑሮ ደመወዝ ማስያ ነው፤ ካውንቲውንና የልጆችን ቁጥር ሲነግሩት ምግብን፣ ዴይኬርን፣ ሕክምናን፣ ቤትን፣ መኪናንና ግብርን ደምሮ የሚያስፈልገውን ገቢ ይነግራል። ቁጠባ የለበትም፤ ለእናት በየወሩ የሚላከውም፣ ዕቁቡም፣ ለለቅሶ የሚዋጣውም የለበትም። ለእኛ ሰው ይህ ወጪ ከኪራይ እኩል የማይቀር ነውና ራሳችሁ ጨምሩት። የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤቶቹ በአማርኛ የሚመጣው ደብዳቤ፣ በእግር የሚደረስ የእንጀራ ሱቅም በየትኛውም ማስያ ውስጥ አይገኙም፤ የሚያወጡትን ዋጋ ግን የለቀቁ ሰዎች ይነግሯችኋል።

የሞንትጎመሪ ምክር ቤት በ2023 ያጸደቀው የኪራይ ገደብ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ዓመታዊ ጭማሪው ከዋጋ ግሽበት ላይ 3 በመቶ፣ ቢበዛ ግን 6 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ይጠቅማል ይጎዳል በሚለው ላይ በሳን ፍራንሲስኮ የተደረገው የ2019 ጥናት ሁለቱንም አሳይቷል፦ የነበሩት ተከራዮች በሰፈራቸው ቆዩ፣ የሚከራዩ ቤቶች ግን ገደቡ በነካቸው ሕንፃዎች 15 በመቶ ቀነሱ። የሞንትጎመሪው ሕግ አዲስ ሕንፃን ለ23 ዓመት ነፃ ያደረገው ግንባታ እንዳይቆም ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት እየተጋራ የሚኖር ተከራይም ከገደቡ ውጭ ነው፤ ጭማሪው 6 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያስገድድለት ሕግ የለም።