የአምባ ጊዮርጊስ ገብስና የሰውነታችን ምድጃ

ሰው ለመኖር ይበላል ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ ነገር ግን የተበላው እህል በምን መንገድ ጉልበት እንደሚሆን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህን የሚመረምረው ትምህርት ባዮኬሚስትሪ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ብዙ ጊዜ የንጥረ ነገሮቹን ስም እንደ ዳዊት ይደግምና ፈተናው ሲያልፍ ስሙም አብሮ ያልፍበታል። እኛ እንደሚመስለን ግን የዚህ ትምህርት መነሻ የሚገኘው ከገዛ ጓዳችን ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ የገብስ አገር ናት። እናቶቻችን ጠላ ሊጠምቁ ሲያስቡ አስቀድመው ብቅል ያበቅላሉ። እህሉ ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያበጃል፤ ይኸውም ዱቄታማውን ክፍል ወደ ስኳር የሚለውጥ ነው። ብቅሉ በፀሐይ ይደርቃል እንጂ እንደ አሻሮ አይቈላም፤ ኃይለኛ እሳት ኢንዛይሙን ያበላሸዋልና። ባለሙያዋ ስሙን ባትሰማውም ሕጉን ጠብቃ ኖራለች።

ቀጥሎ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ በጋኑ ላይ የሚታየው አረፋ ከዚሁ የመጣ ነው። ቀድሞ ብዙ ሊቃውንት ይህ ሥራ ሕይወት ያለው ሕዋስ ከሌለ አይፈጸምም ይሉ ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር ግን በ1897 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) እርሾን ፈጭቶ ጭማቂው ብቻውን ስኳር እንደሚያፈላ አሳየ፤ በ1907ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በእኛ ሕዋስ ውስጥም የመጀመሪያው እርምጃ ከእርሾው ጋር አንድ ነው። አንዱ ግሉኮስ ለሁለት ፓይሩቬት ይከፈልና 2 ኤቲፒ ይተርፋል፤ ኤቲፒ ማለት ሕዋሱ ጉልበቱን የሚይዝበት ስንቅ ነው። ኦክሲጅን ሲያጥር እርሾው ወደ አልኮል፣ ጡንቻችን ወደ ላክቴት ያዘነብላል። ኦክሲጅን ሲበቃ ግን ነገሩ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባለው ምድጃ ይገባል፤ ሃንስ ክሬብስ በ1937 በገለጸው ዑደት አልፎ በመጨረሻ ከአንዱ ግሉኮስ 30 ያህል ኤቲፒ ይገኛል። እንግዲህ ያው አንዱ ገብስ በኦክሲጅን 15 እጥፍ ያህል ይጠቅማል ማለት ነው።

ለወገራና ለስሜን ሰው ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3000 ሜትር ስለምትጠጋ በአየሯ ውስጥ የሚገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ጠረፍ 70 በመቶ ግድም ብቻ ነው። ታዲያ ገበሬው በዚህ አየር ቀኑን ሙሉ እንዴት ያርሳል? ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራራዎች፣ በ3530 ሜትር ላይ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳተሙ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ያንሳል። በስሜኖቹ ላይ ግን ሁለቱም አልታየም፤ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ካለ ሰው አይለይም፣ ከእርሱም 95.3 በመቶው ኦክሲጅን ተሸክሞ ተገኘ።

ይህ የአገራችን ሰው አካል ለዓለም ያቀረበው ጥያቄ ነው። የሚመልሰውስ ማን ሊሆን ይገባል? በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ደጋ ሥር ይገኛል። ስለዚህ ተማሪው ስም ከመደርደር አልፎ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ፤ በትምህርትና በጤና ሥራ ላይ ያለውም ወጣት ሹም መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት ብቅሉን ለተማሪዎች ያሳይ። የገዛ ጓዳውን ያስተዋለ ሰው የሕዋስን ጓዳ ለመረዳት አይቸገርም።